የጥሩሸዋ የሚባሉት ኩባያዎች

ቅናት እንደ የትምወርቅ የከበደበት ሰው አላየሁም። ሌላው ሰው ሲቀና ያማል፣ ያሽሟጥጣል፣ ደጃፍ ላይ ቆሞ ይሳደባል፣ ይወጣለታል። የትምወርቅ ግን ሸክላ ሠሪ ናት። በእኛ አገር የሸክላ ሠሪ ዓይን በሰው ልጅ ወይም በሰው ከብት ላይ ትንሽ ከቆየ «በላችው» ይባላል። ልጁ ከታመመ የእሷ ሥራ ነው፣ ላሟ ከነጠፈች የእሷ ሥራ ነው። ለሰው ሁሉ የተፈቀደው ቅናት ለእሷ ብቻ ወንጀል ነበር፤ እግዜር ደግሞ ቅናቱን ለእሷ አትረፍርፎ ሰጣት።

እኔ ሹፌር ነኝ። ማሙሽ ይሉኛል፤ ጸጉሬ ከሸበተም በኋላ ማሙሽ ነኝ። ከደብረ ብርሃን መሐል ሜዳ ቅጥቅጥ ስነዳ ሞላሌን ካለፍኩ በኋላ ሁልጊዜ ፍሬን የምይዝበት አንድ ቤት ነበር። ጣሪያው አንድ፣ በሩ ሁለት ነው። የፊተኛው በር መንገዱን ያያል፤ ሻይ ቤት ነው። የጓሮው በር የሸክላ ቤት ነው። በመካከላቸው በጭቃ የተመረገ ስስ ግድግዳ አለ። ከወዲህ የተባለው ሁሉ ወዲያ ይሰማል።

የሸክላውን ቤት የያዘችው የትምወርቅ ናት፤ ሙያውን ከእናቷ ወረሰችው። አንድ ጊዜ አግብታ ፈታለች፤ ልጅ የላትም። ሻይ ቤቱን የከፈተው ታናሽ ወንድሟ አፈወርቅ ነው፤ ከሚሌኒየሙ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ መንገዱ ጠጠር ለብሶ መኪና መመላለስ ሲጀምር። ግን አፈወርቅ ብቻውን ቢከፍተው ማን ገብቶ ይጠጣ ነበር? ገበሬው ከሸክላ ሠሪ እንስራ ይገዛል፣ ድስት ይገዛል፣ ውሃውን በዚያ ይቀዳል፣ ወጡን በዚያ ይሠራል፤ ከእጇ ግን ቁራሽ አይቀበልም። ይህ ነገር እንዴት እንደሆነ የጠየቅኩት ሰው ሁሉ «እንዲያው ነው» ብሎኛል። «እንዲያው ነው» የሚል ሰው ያናድደኛል።

ሻይ ቤቱን ያቆመችው የአፈወርቅ ሚስት ጥሩሸዋ ናት። ጥሩሸዋ የቄስ ገብረ ክርስቶስ ልጅ ነች። አፈወርቅን ወዳ ከአባቷ ቤት ወጥታ መጣች፤ አባቷም ያንን ደጃፍ አልረገጡትም። መንገደኛው ግን ረገጠው። የቄስ ልጅ የቀዳችውን ሻይ ማን ይጠየፋል? ከተራራው የለቀመችውን ጦስኝ ትጨምርበታለች፤ የሞቀ የገብስ ዳቦ ከጎኑ ታቀርባለች። ከዚያ ብርድ ተንቀጥቅጦ የወረደ ተሳፋሪ ሁሉ አንዴ ከተቀመጠ እኔ ክላክስ ካልነፋሁ አይነሳም።

በዚያ ብርድ ብርጭቆ ሻዩን ቶሎ ያቀዘቅዘዋል። አንድ ቀን ጥሩሸዋ የትምወርቅን «እትዬ፣ እስኪ ትንንሽ ኩባያ ሥሪልኝ» አለቻት። የትምወርቅ ሠራች። እንዴት ያሉ ኩባያዎች መሰሏችሁ! ሆዳቸው ሰፋ፣ አፋቸው ጠበብ ያለ፣ በወንዝ ጠጠር ታሽተው ታሽተው ጥቁረታቸው የሚያብለጨልጭ፣ ጠርዛቸው ከንፈር የማይከረክር። ተሳፋሪው ሻዩን ጨርሶ ኩባያውን እያገላበጠ «ይሸጣል?» ይላል። ጥሩሸዋ ትሸጣለች። በሞላሌም በመሐል ሜዳም «የጥሩሸዋ ኩባያ» የሚል ስም ወጣለት። የመንደሩ ሰው የማን እጅ እንደሆነ ያውቃል። መንገደኛው አልጠየቀም፤ ጥሩሸዋም አልነገረችም።

የትምወርቅ ከግድግዳው ወዲያ ጭቃዋን እያሸች ሁሉንም ትሰማለች። «ጥሩዬ፣ እጅሽ ይባረክ!» ይላል አንዱ። «ሙያ ማለት ይሄ ነው!» ይላል ሌላው። ጥሩሸዋም «አሜን» ትላለች። የትምወርቅን ያቃጠላት ያ «አሜን» ነው። አንድ ቀን ሞላሌ ገበያ ይዣት ስሄድ ጋቢና ውስጥ ሆና እንዲህ አለችኝ፦

«ገንዘቡን አይደለም፣ ማሙሽ። አፈወርቅ አንድም ቀን በልቶብኝ አያውቅም። ምርቃቴን ነው የወሰደችብኝ። አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ፊቴን እያየ ‹ይህ ያንቺ እጅ ነው› ቢለኝ ሌላ ምንም አልፈልግም ነበር።»

ሰው ፊቷን እንዲያይ ግን መጀመሪያ እሷ ቀና ማለት ነበረባት። እናቷ ከልጅነቷ ጀምሮ «ዓይንሽን ያዢ» ስትላት ነው ያሳደገቻት። ሕፃን አትዪ፣ የሚበላ ሰው አትዪ፣ የሰው ንብረት አማረ ብለሽ አታድንቂ። ስለዚህ የትምወርቅ ሰውን የምታውቀው በጫማው ነበር። የእኔን ጎማ ጫማ ሳታይ ገና ከድምፁ ትለየዋለች። ጥሩሸዋን ግን ታያታለች። ግድግዳው ላይ ምርጉ የተላቀቀበት አንድ ስንጥቅ ነበር፤ በዚያ አጮልቃ ታያታለች። ነጭ ነጠላዋ ያናድዳታል። ጭቃ የማያውቀው ጥፍሯ ያናድዳታል። ሻዩን ከፍ አድርጋ አንዲት ጠብታ ሳታፈስ ስትቀዳ ያናድዳታል፤ ሳቋማ ጨርሶ አያስቀምጣትም። ጥሩሸዋ ጉንፋን ይዟት ድምፅዋ የተዘጋ ጊዜ የትምወርቅ ቀኑን ሙሉ እያንጎራጎረች ነበር የዋለችው ብሎ አፈወርቅ አጫውቶኛል።

አንድ ጊዜ አልቻለችምና በግልጽ ጠየቀቻት። «ለምንድነው የእትዬ ሥራ ነው የማትያቸው?»

ጥሩሸዋም ደብቃ አልመለሰችላትም። «ብላቸው ኩባያውን አስቀምጠው ይወጣሉ፣ እትዬ። አንቺም እኔም ጾማችንን እናድራለን።»

እውነቷን ነው። እውነቷን መሆኑ ነው ይበልጥ የሚያናድደው። ግን እኔም ዓይን አለኝ፤ ጥሩሸዋ ስትመረቅ አይቻታለሁ። አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ ነጠላዋን መለስ አድርጋ «አሜን» ስትል፣ ለቤቱ ስትል ብቻ የምትቀበለው ሰው አትመስልም። ጣፍጧታል።

ነገሩ የፈነዳው ወይዘሮ አመተሥላሴ የመጡ ጊዜ ነው። እሳቸው መሐል ሜዳ ጨርቅ የሚሸጡ፣ የታወቁ ሴት ናቸው። በኅዳር መጨረሻ ከእኔ መኪና ወርደው ሻይ ጠጡና ኩባያውን ወደ ብርሃን አንስተው አዩት። ልጃቸውን ከአስተርዮ በኋላ ሊድሩ ነበር፤ ለሠርጉ ቤት የሚበቃ ኩባያ አዘዙ። ከዚያ የጥሩሸዋን እጅ ያዙና መዳፏን ገልብጠው «ይህቺን የመሰለች እጅ!» ብለው ሳሟት። የትምወርቅ በስንጥቁ አየች። ጭቃ በጭቃ የሆነ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገችና ተነሥታ ወደ ጓሮ ወጣች።

እኔ ጎማዬን እየረገጥኩ ስመረምር መጥታ ከጎኔ ቆመች። «ከገና በፊት ጋቢና ትይዝልኛለህ?» አለችኝ።

«ወዴት?»

«መሐል ሜዳ። ኩባያዎቹን እኔው ራሴ አደርስላቸዋለሁ። ጥሩሸዋ ሳታውቅ።»

ሐሳቧ ገባኝ። ሴትዮዋ ቤት ገብታ፣ ዕቃውን ከፊታቸው ዘርግታ «እኔ ነኝ የሠራኋቸው» ልትል ነው። ይቅርብሽ ማለት ነበረብኝ ይሆናል፤ እኔ ግን እሺ አልኳት፤ እንዲያውም ደስ አለኝ።

የታኅሣሥን ውርጭ የሚያውቅ ያውቀዋል። ጠዋት ጠዋት ሣሩ ነጭ ይለብሳል፤ የታጠበ ልብስ ገመድ ላይ እንደ ጣውላ ይገተራል። በዚያ ወር የተሠራ ሸክላ በቶሎ አይደርቅም። ሳይደርቅ እሳት ከገባ ደግሞ በውስጡ የቀረው ውሃ መውጫ ሲያጣ ዕቃውን ይሰነጥቀዋል። የትምወርቅ ዕቃ መድረቁን የምታውቀው ጉንጯ ላይ በማስነካት ነው፤ ከቀዘቀዘ እርጥብ ነው፣ ለብ ካለ ደርቋል። እናቷም እንዲህ ነበር የምታደርገው። ያን ጊዜ ኩባያዎቹን አንድ በአንድ ጉንጯ ላይ አስነካቻቸው። ቀዝቃዛ ነበሩ። «ውርጩ ነው» አለች። በዚያ ወር ሁሉ ነገር ይቀዘቅዛል፣ ድንጋዩም፣ ሰውም። ሌላ ጊዜ ብትሆን የሱፍ ባና ደርባባቸው ምድጃ አጠገብ ታቆያቸው ነበር። ያን ጊዜ ግን ዓይኗ ላይ የነበረው የሴትዮዋ ደጃፍ ብቻ ነው።

ሸክላ ሲቃጠል ባዕድ እንዲያይ አይፈቀድም። ይህ የቤታቸው ሕግ ነው፤ ከሙያው ቤት ያልተወለደ ሰው እሳቱን ካየ ዕቃው ይሰበራል ይላሉ። ዓለም ሁሉ ዓይኗን የሚሸሻት ሴት የዓለምን ዓይን ሸሽታ ከድንጋይ አጥር ጀርባ ታቃጥላለች። ነገሩን መጀመሪያ ስሰማ ስቄ ነበር።

ኩባያዎቹ እሳት የገቡ ቀን እኔ ሻይ ቤቱ ውስጥ ነበርኩ፤ ተሳፋሪውም ሞልቶ ነበር። የትምወርቅ በጓሮ ኩባያዎቹን ደርድራ፣ በኩበት ከባ፣ ጭዱን ለኩሳለች። ጥሩሸዋ ብርዱን አየችና ትኩስ ሻይ በኩባያ ቀድታ «እትዬ ትሙቅበት» ብላ በጓሮ ዞረች። በክፋት አልነበረም፤ ይህን እምላለሁ። አጥሩን አልፋ ቆመች። ከጭሱ መሀል ኩባያዎቹ ይታያሉ።

«ውይ፣ ማማራቸው!» አለች።

ወዲያው አንዱ ጧ አለ። ቀጥሎ ሌላው። ቀጥሎማ ልክ እንደ ቆሎ ይንጣጣ ጀመር። የትምወርቅ በእንጨት ኩበቱን ልትገላልጥ ሞከረች፣ እጇን ፈጃት፤ ከውስጥ ስብርባሪ ብቻ ወጣ። ያን ጊዜ ዓይኗን ከመሬት አነሣች።

«በላሻቸው!» ብላ ጮኸች። «በላሻቸው! ምርቃቴ አልበቃ ብሎሽ ዕቃዬን በላሽ! ቡዳስ አንቺ ነሽ!»

ሻይ ቤት ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ሰማ። ኩባያ ከንፈሩ ላይ ያደረሰው ሁሉ ቀስ አድርጎ አስቀመጠ።

እዚህ ላይ የአገሬን ሰው ልብ ልንገራችሁ። የትምወርቅ ስሟ ድሮም የወጣ ነው፤ እሷን ማንም አዲስ ነገር አላላትም። ነገር ግን ሸክላ ሠሪዋ ራሷ፣ ነገሩን የምታውቀው ራሷ፣ «ቡዳ» ያለቻት ሴት እንዴት ትታመናለች? «ከእነሱ ጋር ስትኖር ተጋብቶባታል» ተባለ። ወሬው ከእኔ መኪና ቀድሞ ሞላሌ ገባ። በሚቀጥለው ጉዞ ፍሬን ይዤ «ሻይ!» ስል ተሳፋሪው ከወንበሩ አልተነሣም። ተቆጣሁ፣ ተሳደብኩ፣ አንዱን እንዲያውም ውረድልኝ አልኩት። እኔ ብቻዬን ገብቼ ጠጣሁ። ጥሩሸዋ ቀድታልኝ ፊቷን አዞረች።

የትምወርቅስ? እውነቱን ራሷ ነግራኛለች። በመጀመሪያው ሰሞን ደስ ብሏት ነበር። ከግድግዳው ወዲህ «እጅሽ ይባረክ» የለም፣ ሳቅ የለም። ጭቃዋን እያሸች ዝምታውን አዳመጠችው፤ ማር ማር አላት። «አሁን ልክሽን አየሽ» አለቻት በልቧ።

ጥሩሸዋ ለገና ወደ ወላጆቿ መንደር ሄደች። እህቷ ሰርካለም አራስ ነበረች። አባቷ ዛሬም ፊት አልሰጧትም፤ እሷ ግን የሄደችው ለሕፃኑ ነው። በበዓሉ ማግስት ተመለሰችና ሻይ ቤቱን ሳትከፍት በቀጥታ የሸክላው ቤት ገባች። ከዚያ በፊት እዚያ ገብታ ተቀምጣ አታውቅም። አመዱ ላይ፣ በዚያ በነጭ ቀሚሷ፣ ዘፍ አለች።

«እህቴ ልጇን ሸፈነችው» አለች።

የትምወርቅ ጭቃዋን ማሸት አቆመች።

«ገና ከበር ስገባ አይታኝ ነጠላዋን ጎተተችና ፊቱን ሸፈነችው። ልጁ አልቅሶ ሊገልጠው ሲታገል እንደገና ሸፈነችው። አብረን አንድ አልጋ ላይ ያደግን ሰዎች ነን፣ እትዬ። ዓይኔን የት ላድርገው? መሬት መሬት እያየሁ ተመለስኩ።»

የትምወርቅ የዚያን ነጠላ አጎታተት ታውቀዋለች። ገበያ ላይ፣ መንገድ ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ዕድሜዋን ሁሉ ስታየው ኖራለች። እናቶች ሲያደርጉት እጃቸው እንኳ አይቸኩልም፤ ዝንብ እሽ እንደማለት ነው። ያንን ጥሩሸዋ ላይ ያመጣችው እሷ ናት፤ በአንዲት ቃል። እና ደግሞ እውነቱን የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። ጉንጯ ነግሯት ነበር። ኩባያዎቹ እርጥብ ነበሩ።

«ስለ እኔ ምን አልሽ አባትሽ ቤት?» ብላ ጠየቀቻት በመጨረሻ።

«ምን እላለሁ? ብናገርስ ማን ይሰማኛል?»

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ወይዘሮ አመተሥላሴ ከመሐል ሜዳ በእኔ መኪና መጡ። ትዕዛዛቸውን ሊተዉ ነበር የመጡት፤ መንገዱን ሁሉ ሲያማትቡ ነው የደረሱት። ተሳፋሪው ወርዶ መኪናውን ተደግፎ ቆመ፤ ወደ ሻይ ቤቱ የገባ የለም። ጥሩሸዋ በሩ ላይ ቆማለች፣ አፈወርቅ ከኋላዋ። ሴትዮዋ ከሩቁ ሆነው «እንግዲህ ልጄ፣ ነገሩ…» ሲሉ የትምወርቅ በጓሮ ዞራ መጣች። ሰፌድ ሙሉ ስብርባሪ ይዛለች። እጇ እስከ ክርኗ ጭቃ ነው። ሰዉ መሀል አስቀመጠችው።

«እነዚህን የሠራሁት እኔ ነኝ» አለች።

ዓይኗን አንሥታ ሰዉን አየችው።

«የጠጣችሁባቸውም፣ ገዝታችሁ ቤታችሁ ያስገባችኋቸውም የእኔ ናቸው። ጥሩሸዋ አንድም ኩባያ ሠርታ አታውቅም። እነዚህ የተሰበሩት ሳይደርቁ ስላቃጠልኳቸው ነው። እርጥብ መሆናቸውን አውቄ ነበር፤ ቸኩዬ ነው። ዓይን የሚባል ነገር አልነካቸውም። ውሸቴን ነው የጮህኩባት።»

«ለምን?» አለ አንዱ ከኋላ።

«ቀንቼባት» አለች።

በዚያ አገር አንዲት ሸክላ ሠሪ አደባባይ ቆማ «ቀናሁ» ስትል ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። አንዳንዱ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ለጥሩሸዋ የተሰጠው የሁለት ዓመት ምርቃት ለእሷ እጅ የሚገባ እንደነበር ነገረቻቸው፤ የነገረቻቸው ግን እጇ በተሳሳተበት ዕቃ ላይ ቆማ ነው።

ወይዘሮ አመተሥላሴ ጎንበስ ብለው አንድ ስባሪ አነሡ፤ ስብራቱን በጣታቸው አሹት። ነጋዴ ናቸውና ዕቃ ያውቃሉ። ከዚያ ስባሪውን እንደያዙ ወደ ጥሩሸዋ ዞሩ። የትምወርቅ ከፊታቸው ክንድ በማይሞላ ርቀት ቆማለች፤ እሳቸው ግን በላይዋ ላይ አሻግረው ለጥሩሸዋ እንዲህ አሏት፦

«እንግዲያው ሌላ ትሥራልኝ። በደንብ አድርቃ ታቃጥለው በያት።»

የትምወርቅ ዓይኗን ወደ መሬት መለሰች። ለምዳዋለች።

ጥሩሸዋ ከበሩ አልተንቀሳቀሰችም። «ይችውና ከፊትዎ ቆማለች» አለች። «ራስዎ ይንገሯት።»

ሴትዮዋ ቀልተው ጠቆሩ። አፈወርቅ ሚስቱን በክርኑ ጎሸም አደረጋት፤ ዓይኗን ከሴትዮዋ አላነሣችም። ወይዘሮ አመተሥላሴ ወደ የትምወርቅ ፊታቸውን ሲያዞሩ አንገታቸው የዛገ ይመስል ነበር።

«ከአስተርዮ በፊት ይደርስልኛል?» አሉ።

የትምወርቅ ቀና አለች። «ብርዱ ይወስነዋል» አለች። «ሳይደርቅ እሳት አላስገባም። ካልደረሰ አልደረሰም።»

«ይሁን» አሉ ሴትዮዋ። ከዚያ ወደ ሻይ ቤቱ ገብተው ተቀመጡ፤ ተሳፋሪውም ቀስ በቀስ ተከተለ። ሁሉም አይደለም። ሁለት ሰዎች መኪናው ውስጥ ቆይተው የጸሎት መጽሐፋቸውን ሲደግሙ ነበር።

ኩባያዎቹ ደረሱ። የትምወርቅ በጭድ ጠቅልላ ጭና፣ ጋቢና ከእኔ ጋር ተቀምጣ መሐል ሜዳ ወሰደቻቸው፤ ሴትዮዋም ከእጇ ተቀብለው ቆጠሩ። ስንመለስ ደስ ብሏት እንደሆነ ለማየት ፊቷን ሰረቅ አድርጌ አየሁት። ፊቷ ጥቁር ብሏል።

«አሁንማ ቅናቱ ለቀቀሽ» አልኳት።

«ለቀቀኝ?» አለችና በንዴት ሳቀች። «በስንት ዓመቴ አንድ ጊዜ አፌን ከፍቼ ስለ እሷ ተናገርኩላት። ‹ራስዎ ይንገሯት› የምትለዋን ቃል ግን፣ ማሙሽ፣ አየህ አይደል? የሚያምረውን ቃል እንኳ እኔ ሳልለው እሷ አለችው።»